የአርባ አንድ ቁጥር ለቅሶ

«ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት…»

«አቤት!»

አክስት ጣታቸውን እንደቀሰሩ ደርቀው ቀሩ። ይቆጥሩ የነበረው ወንበር ነው። ለለቅሶው ከትምህርት ቤት በውሰት የመጣው የፕላስቲክ ወንበር አንድ እንኳ ከጎደለ ዘበኛው እንደማይለቃቸው ስለነገሯቸው፣ ጠዋትና ማታ ይቆጥሩታል። ወንበር ደግሞ አቤት አይልም። አቤት ያሉት ከሦስተኛው ረድፍ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ብድግ ያሉት ሽማግሌው አናጢ ናቸው።

«ጠሩኝ እንዴ?» አሉ አናጢው። ወዲያው ግን የት እንዳሉ ትዝ አላቸውና፣ «ኧረ እግሬ ደንዝዞ ነው» ብለው ተቀመጡ።

«ሃያ አራት» አሉ አክስት፣ ዓይናቸውን ከሽማግሌው ላይ ሳያነሡ።

ከአናጢው ቀጥሎ የነበረችው ወፍራም ሴት ከመቀመጫዋ ግማሽ ድረስ ተነሣችና ዘፍ ብላ ተመለሰች።

ሚጢጢ ከበሩ አጠገብ ከተነጠፈው ፍራሽ ላይ ሆና ይህን ሁሉ አየች። ታላቅ እህቷ ከተቀበረች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል፤ የሰባት ወር ሆዷ መቀመጫ ነሥቷታል፤ አሁን ደግሞ ሳቅ ሊያመልጣት ነው። የጥቁር ሻሿን ጫፍ ጥርሷ ውስጥ ከተተችው።

ሰዎቹ ለምን እንደሚነሡ አክስት ባያውቁም ግማሹ ለቀስተኛ ያውቃል። ጤና ጣቢያው ጓሮ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚታደልበት መስኮት ላይ ሰው በስሙ አይጠራም፤ በካርድ ቁጥሩ ነው። ለዓመታት ቁጥር ሲጠራ አቤት ማለት የለመደ አፍ፣ ለቅሶ ቤት ነኝ ብሎ አይታቀብም። አቀማመጣቸውስ ቢሆን! በመንገድ ሲገናኙ የማይተዋወቁ መስለው መተላለፍ ስለለመዱ እዚህም እንደማይተዋወቅ ሰው አንድ በአንድ ገቡ። ሲቀመጡ ግን ልክ እንደ ጤና ጣቢያው አግዳሚ በየቁጥራቸው ተደረደሩ። ሚጢጢ ራሷ አርባ አንድ ቁጥር ናት። አክስት የተዋሱት ወንበር አርባ ብቻ በመሆኑ ፈጣሪዋን አመሰገነች።

አክስት ቆጠራቸውን ጨርሰው ፍራሹ ላይ አጠገቧ ዘፍ አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?»

«የእትዬ ወዳጆች ናቸው፣ አክስቴ።»

«እሱንማ አየሁ። አንዱን ብጠይቀው ጎረቤት ነኝ አለኝ። ሁለተኛዋም ጎረቤት፣ ሦስተኛውም ጎረቤት። የዚህ ቤት ግራው የትምህርት ቤት አጥር፣ ቀኙ መንገድ! አጥሩ ላይ ነው እንዴ የሚኖሩት?»

«እትዬ ሰው ትወድ ነበር።»

«ሰው መውደድና ሠላሳ ጎረቤት ማፍራት ለየቅል ነው» አሉና ሻያቸውን በቁጣ ጠጡ። አክስት ከሌላ ከተማ ለቅሶውን ሊመሩ የመጡ፣ ለቅሶ በወጉ ካልተለቀሰ ሟችም አያርፍም ብለው የሚያምኑ ሴት ናቸው። ከመጡ ጀምሮ ሬዲዮው ተነቅሎ ቁም ሣጥን ላይ ወጥቷል።

ሟቿን እትዬ የምትላት ሚጢጢ ብቻ ነበረች። ሰፈሩ «ወይዘሮ ስንት ሰዓት» ይላታል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚያ መስኮት መድኃኒት ስታድል ኖራለች። መንገድ ላይ ካርድ ያለው ሰው ስታገኝ «ኪኒንህን ዋጥክ?» ማለት አይቻላትም፤ ሰው ይሰማል። ስለዚህ «ስንት ሰዓት ነው?» ትላለች። የዋጠ ሰው የዋጠበትን ሰዓት ይነግራታል። የረሳ እንደሆነ «ሰዓት አልያዝኩም» ብሎ መሬት መሬት ያያል፤ ያን ቀን ሳይመሽ ወይዘሮ ስንት ሰዓት በሩን ታንኳኳለች። ምሥጢሩን የማያውቀው ሰፈርተኛ ሰዓት የቸገራት መስሎት እያዘነ ሰዓት ይሸልማት ነበር። ሰባት ሰዓት ተሸልማ ሰባቱንም ለሚረሱት አደለች።

የሚጢጢ ባል፣ ቀለም ቀቢው፣ የሻይ ሰሐን እንደሚሰበስብ ሰው ጎንበስ ብሎ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ።

«ነገ ነው። አሥር ሰዓት ላይ። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር አሁን ነገረችኝ።»

«ቁርጥ ነው?»

«ቁርጥ። ድምፅ ሊሰጡ ነው።»

ልቧ ዘለለ። እሷ ዘለለ ብላ ያሰበችው ልቧን ነው፤ ሕፃኑም ሊሆን ይችላል።

መድኃኒቱ የሚገዛው ባሕር ማዶ ያለ የአንድ ሀብታም አገር ምክር ቤት በየአምስት ዓመቱ በሚያጸድቀው ሕግ ነው። ያ ሕግ ለድሃ አገሮች መድኃኒት፣ መመርመሪያና የሠራተኛ ደመወዝ ይመድባል። የአሮጌው ሕግ ዘመን አበቃ፣ አዲሱ በክርክር ተንጠለጠለ። መድኃኒቱ ከከተማው ዳር መጋዘን ውስጥ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል፤ በሩ ግን አዲሱ ሕግ እስኪጸድቅ ታሽጓል። የሦስት ወር ይወስድ የነበረው ሁሉ ተራው ሲደርስ የዐሥራ አራት ቀን ብቻ ተሰጠው። ሚጢጢ የቀራት አራት ፍሬ ነው፤ ለመውለድ የቀራት ሁለት ወር። መድኃኒቱን ሳታቋርጥ ከዋጠች ልጇ ነፃ ሆኖ የመወለዱ ነገር አስተማማኝ እንደሆነ እትዬ ደጋግማ አስረድታታለች። ካቋረጠችስ የሚለውን ግን ለመጠየቅም ለመመለስም ሁለቱም አልደፈሩም ነበር።

«ያልፋል?» አለች ሚጢጢ።

«ሁለት መቶ አሥር ድምፅ ያስፈልገዋል። መቶ ዘጠናው የኛ ናቸው ትላለች ሲስተር።»

«የቀሩት ሃያዎቹስ?»

«እነሱ ቀለማቸው ገና አልደረቀም» አለ ቀለም ቀቢው።

አክስት ዞር አሉ። «ምን ትንሾካሾካላችሁ?»

«ስኳር አልቋል እያልኳት ነው» አለና ሰሐኑን ይዞ ተፈተለከ።

ሚጢጢ እርግዝናዋን አውቃ ለመጀመሪያ ክትትል ጤና ጣቢያ የሄደች ዕለት፣ ሲስተር በሩን ዘግታ የደም ምርመራዋን ውጤት ነገረቻት። ከክፍሉ ወጣች። በእጇ የያዘችው ወረቀት ወደ ጓሮ መስኮት ሂጂ ይላል። ሄደች። ቀና ስትል እትዬ ናት።

እትዬ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበች። ፊቷ ንቅንቅ አላለም። መዝገቡን ገለጠች። አርባ አንድ ቁጥርን የያዘችው ሴት ወደ ሌላ ከተማ በመዛወሯ ቁጥሩ ክፍት ነበር።

«አርባ አንድ ነሽ» አለቻት። «በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ አንድ ፍሬ። ጥያቄ አለሽ?»

«እትዬ…»

«እዚህ እትዬ የለችም። መስኮቱ ጋ ስትመጪ አርባ አንድ ነሽ፣ እኔም መድኃኒት ሰጪ ነኝ። እቤት ሚጢጢ ነሽ። ሁለቱን እንዳታቀላቅዪብኝ።»

አመሻሹ ላይ ከሥራ ስትገባ ግን ጫማዋን ሳታወልቅ መጥታ አቀፈቻት፤ ሁለቱ እህትማማቾች ቀለም ቀቢው እስኪመጣ ድረስ ተቃቅፈው አለቀሱ። ባልየው በማግስቱ ተመርምሮ ነፃ መሆኑ ታወቀ፤ ግን የሷን ሲሰማ አልሸሸም፣ አልተቆጣም። ከየት ያዘሽ፣ መቼ ያዘሽ የሚለውን ጥያቄ እትዬ አንድም ቀን አላነሣችባትም። ሚጢጢ በሕይወቷ ካገኘችው ደግነት ሁሉ ይህ ይበልጥባታል።

ከሰዓት በኋላ አናጢው ሊሰናበቱ ወደ ፍራሹ መጡ። ጎንበስ ብለው፣ «ያጽናሽ ልጄ» አሉና እንደ መሄድ ብለው ቆሙ። «አንድ ነገር ልንገርሽና ልሂድ። የእሷን ሣጥን ስሠራ ልኬቱ ጠፋኝ። ድሮ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምቆርጠው። አሁን እጄ የለመደው የሕፃን አልጋ ነው።»

ሚጢጢ እጃቸውን ስማ አለቀሰች። የሰውዬውን ወርክሾፕ ታውቀዋለች። ባለፈው ዓመት የዚያ ሩቅ አገር ምክር ቤት ሰዎች ጤና ጣቢያውን ሊጎበኙ መጥተው፣ «አንድ በሽተኛ አምጡልንና እናነጋግር» ሲሉ እትዬ በአስተርጓሚው በኩል እንዲህ ብላ መለሰች፦ «ሰው ለእይታ አላወጣም። አናጢ ከፈለጋችሁ ግን አሳያችኋለሁ።» እንግዶቹን በሙሉ መንገድ አሻግራ እኚሁ ሰውዬ ቤት አስገባቻቸው። አናጢው ራሳቸው ካርድ እንዳላቸው አልተናገሩም፤ እሷም አልተናገረች። ብቻ በፊት በሳምንት ስምንት፣ አሥር የሬሳ ሣጥን ይሠሩ እንደነበር፣ መድኃኒቱ ከመጣ ወዲህ ግን ገበያው ሞቶባቸው ወደ አልጋና ወደ ተማሪ ዴስክ እንደዞሩ አወሩላቸው። አንዲት ረጅም ሴትዮ በማስታወሻዋ ስትጽፍ እትዬ ትከሻዋን መታ አድርጋ፣ «ጻፊ እህቴ፣ ጻፊ። ድምፅ ስትሰጪ ታነቢዋለሽ» አለቻት። አስተርጓሚው ይህን ይተርጉመው አይተርጉመው አይታወቅም።

መጋዘኑ ሲታሸግ እትዬ ዐሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት በእግሯ እዚያ ድረስ ሄደች። «ትእዛዝ ነው እናቴ» ይላታል ጥበቃው። «ትእዛዝ ያውጣህ!» ትለውና ትመለሳለች። በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ጤና ጣቢያው ደረጃ ላይ ትንሽ ልረፍ ብላ ተቀመጠች፤ ከዚያ አልተነሣችም። ደም ግፊት ነበረባት። ቦርሳዋ ሲከፈት የግፊት ኪኒኗ ከነማሸጊያው ተገኘ። አንድም ፍሬ አልተነካም።

ከራስ በላይ ነፋስ የሚለው ተረት እሷ ዘንድ ሳይሠራ ቀረ። ሚጢጢን ያንገበገባት ይህ ነው። ሞቱ ብቻ ቢሆን ሰው ሟች ነው ብላ ትችለው ነበር። እትዬ አገሩን ሁሉ ስንት ሰዓት ነው ስትል፣ እሷን ስንት ሰዓት ነው ያላት አንድ ሰው አልነበረም። አብራት የምትኖረው እህቷ እንኳ፣ በሷ ኪኒን የምትኖረው አርባ አንድ ቁጥር እንኳ፣ አንድ ቀን አልጠየቀቻትም። በመቃብሩ ላይ የጮኸችውም፣ ለቀስተኛው ያልገባው ጩኸት፣ «መቼ ጠየቅኩሽ! መቼ ጠየቅኩሽ!» የሚል ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ግቢው ጢም ብሎ ሞላ። አክስት የለቀስተኛው ብዛት አስደሰታቸው። ሲስተር ሦስተኛው ረድፍ መሀል ተቀምጣ ስልኳን በሻርፗ ሥር ደብቃለች። የምክር ቤቱ ድምፅ አሰጣጥ ቁጥሩ እየወጣ በቀጥታ ይታያል፤ ደጋፊ በአንድ በኩል፣ ተቃዋሚ በሌላ በኩል። አክስት ስላሉ ስልኩን ድምፅ ማሰማት አይቻልም። ስለዚህ ሲስተር በግራና በቀኝ ላሉት በጆሮ ትነግራለች፣ እነሱም ለቀጣዩ፣ ወሬው በየቁጥራቸው ተሰልፎ እስከ ሚጢጢ ፍራሽ ይደርሳል።

«መቶ አርባ።»

«መቶ አርባ።»

«መቶ አርባ ለኛ፣ መቶ ሠላሳ ስምንት ለነሱ።»

አክስት የሚንቀሳቀሰውን ከንፈር ሁሉ አዩና ልባቸው ተነካ። «ተመልከቺ፣ ሁሉም ይጸልይላታል» አሏት ለሚጢጢ። ሚጢጢ አሜን አለች። እጇ ሆዷ ላይ ነው። ስማቸውን የማታውቃቸው፣ ስሟን የማያውቁ ሰዎች፣ አንዱ ምሳውን በልቶ፣ አንዱ ከሚስቱ ተጣልቶ፣ አሁን በዚህች ደቂቃ ጣታቸውን ቁልፍ ላይ አድርገው የልጇን ነገር ይወስናሉ።

«መቶ ዘጠና አንድ።»

«መቶ ዘጠና አንድ፣ ለነሱ መቶ ዘጠና አራት።»

«ኧረ በሉኝ!» አለች ሃያ አራት፣ ድምፅዋ ከፍ ብሎ።

አክስት አንገታቸውን መዘዝ አደረጉ። «ይሄ ጸሎት በቁጥር ነው እንዴ?»

«በመቁጠሪያ ይሆናል» አለ ቀለም ቀቢው ከኋላ።

«ሁለት መቶ ሦስት።»

«ሁለት መቶ ሰባት።»

ከዚያ ቆመ። ሁለት መቶ ሰባት ለኛ፣ ሁለት መቶ አምስት ለነሱ፤ ስድስት ሰው ገና አልመረጠም። ሰዓቱ አልቋል፣ ግን አልተዘጋም። ሲስተር ስልኩን መደበቋን ረስታ በሁለት እጇ ይዛዋለች። አናጢው ኮፍያቸውን እንደ እርጥብ ጨርቅ ይጠመዝዙታል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ፣ አለች ሚጢጢ በሆዷ። ሦስት ድምፅ። ሦስት ሰው፣ ምናለ!

«ሁለት መቶ ስምንት» አለች ሲስተር።

«ዘጠኝ።»

ማንም ለማንም አላቀበለም፤ ሁሉም በቀጥታ እሷን ያያል።

«ሁለት መቶ አሥራ አንድ! ተዘጋ! አለፈ!»

ሃያ አራት ቁጥር አፏን በእጇ ልትይዝ ሞከረች። ግን እልልታው ከእጇ ቀደመ። ቀጥኖ፣ ረዝሞ፣ ከለቅሶው ግቢ ወጥቶ መንገደኛውን አስቆመ።

አክስት ብድግ አሉ። «በለቅሶ ቤት! የልጄ አፈር ሳይደርቅ እልልታ! ማን ናት? ምን ነክቷችኋል?»

ረድፉ በሙሉ አቀረቀረ። መልሱ ሠላሳ ሰው አፍ ውስጥ አለ፤ መልሱን ማውጣት ግን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሟቿ የጠበቀችውን በር መክፈት ነው። አናጢው ግን ተነሡ።

«ጎረቤት ነኝ ብዬ ዋሽቼዎታለሁ፣ እመቤቴ። ሃያ ሦስት ቁጥር ነኝ። የኤችአይቪ መድኃኒት ከሷ እጅ መውሰድ ከጀመርኩ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነው። መድኃኒቱ ሊቋረጥብን ነበር፤ ሕጉ አሁን አለፈ። ለእሱ ነው እልል የተባለው።»

አክስት ዞረው ረድፉን አዩ። «እናንተ ሁላችሁ…?»

«እኔ እንኳ ጎረቤት ነኝ» አለች ሃያ አራት፣ ፈጥና።

ሚጢጢ ሆዷን ደግፋ ከፍራሹ ተነሣች። ልትናገር አላሰበችም ነበር። ደስታው ግን አስፈንጥሮ አወጣው። «አክስቴ፣ እኔም አለሁበት። አርባ አንድ ቁጥር ነኝ። የቀረኝ ሦስት ኪኒን ነበር።»

የአክስት ዓይን ከፊቷ ወደ ሆዷ ወረደ። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ልጁስ?» አሉ።

«ነገ ጠዋት መጋዘኑ ይከፈታል። ካላቋረጥኩ ደህና ይሆናል።»

«እህትሽ ይህን ታውቅ ነበር?»

«የሰጠችኝ እሷ ናት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

አክስት ሻሻቸውን ፈትተው እንደገና አሰሩ። ሲናገሩ ቁጣቸው አለቀቃቸውም። «ታዲያ በአንድ ሰው እልልታ ይሆናል? ለቅሶውን እኔ እመራለሁ ብያለሁ፣ ይህንንም እመራለሁ። በሉ እንጂ!» ብለው ራሳቸው ጀመሩት። የሴቶቹ እልልታ የድንኳኑን ሸራ አናወጠው። አናጢው ቀለም ቀቢውን አቅፈው ዘለሉ፤ ወንበር ተገለበጠ፤ ሲስተር እየሳቀች ታለቅሳለች፤ ሰባት ይሁን ሠላሳ ቁጥር፣ ቁጥሩን ያልተናገረ አንድ ጎልማሳ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃል። ከሁለት መቶ አሥራ አንዱ አንዷ ያቺ ረጅም ሴትዮ ትሁን አትሁን ማንም አልጠየቀም።

ሚጢጢ ከዚህ ሁሉ መሀል ወጥታ ወደ ቤት ሮጠች። እንዳትወድቂ የሚል ድምፅ ከኋላዋ ሰማች። ሳሎኑን አለፈች፣ የጓዳውን በር አለፈች፣ የመጨረሻውን፣ የእትዬን ክፍል በር በክርኗ በረገደችው።

«እትዬ! አለፈ እኮ! ሁለት መቶ አሥራ አንድ! እትዬ…»

አልጋው ተነጥፏል። ብርድ ልብሱን አክስት ከአራት አጥፈው እግርጌ አስቀምጠውታል።

እዚያው በሩ ላይ ትንፋሽዋ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ቆመች። እትዬ ወሬ ጀምሮ የሚያቋርጥ ሰው አትወድም፤ «ጨርሺው እንጂ፣ ልቤን ሰቅለሽ!» ትል ነበር። ሚጢጢ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው፤ የግቢው ጩኸት ራቅ አለ። ከአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ከመጀመሪያው ጀመረች። አክስት ጸሎት እንደመሰላቸው፣ ሁለት መቶ ሰባት ላይ ሲቆም ትንፋሽ እንዳጠራት፣ ሃያ አራት እልል እንዳለች፣ አናጢው እንደተነሡ፣ እሷም እንደተናገረች። አንዱንም አላስቀረችም። ድምፅዋ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ።

ስትጨርስ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለችና አጠገቧ የአንድ ሰው ቦታ ለቀቀች።